ራሱ የወደቀ ብቻ

ኅዳር 9

ውድ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከነአቧራው ይድረስሽ። ይህን የምጽፈው የሥራ ጠረጴዛዬን አንዱን ጥግ በክርኔ ጠርጌ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ውስጥ ሰጋቱራ ብታገኚ የእኔ ለመሆኑ እንደ ማኅተም ቁጠሪው። መልሴ ሦስት ሳምንት ዘግይቷል፤ ይቅርታ። የአንድ ትምህርት ቤት አርባ ወንበር በአንድ ቀን እግር እግሩን አሞት ደጄ ላይ ተሰልፎ ነበር። ሁሉም እስኪድን ድረስ እንኳን ደብዳቤ ልጽፍ ጢሜንም አልተላጨሁ።

ልጆቹ ጤና ናቸው። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው እንጂ የማትፈርድበት ጉዳይ የለም፤ ቤት ውስጥ ስሟ ‹ዳኛዬ› ሆኖ ቀርቷል። ትንሿን ሰፈሩ ሁሉ ‹ጠጠር› ይላታል። አንድም ትንሽና ጠንካራ ስለሆነች፣ አንድም ልብሷን ባጠብኩ ቁጥር ከኪሷ የማወጣው ለአንድ ክፍል መሠረት ስለሚበቃ ነው።

አሁን የያዝነው ሥራ ምን መሰለሽ? የጠጠር አስተማሪ፣ የብርዱ ወራት ዕረፍት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ቤተሰቡን ሠርቶ እንዲያመጣ አዛለች። ክፍሉን ለበዓሉ የሚያስጌጡት በዚያ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ የተገዛ አይገባም፣ የተቀጠፈም አይገባም። ከዛፍ ራሱ የወደቀ ብቻ። እሑድ ዕለት ሦስታችን ጆንያ ይዘን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጫካ ወረድን። ጠጠር እያንዳንዱን የጥድ ፍሬ ታነሳና ‹ራስህ ነህ የወደቅከው?› ብላ ትጠይቀዋለች፤ ጆሮዋ ላይ አድርጋ መልሱን ትሰማለች። አንዳንዱን መልሳ ወረወረችው። ዋሽቷል ማለት ነው።

ማታ ያመጣነውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፍነው። የጥድ ፍሬ፣ የባሕር ዛፍ ፍሬ ከነቆቡ፣ የተላጠ ቅርፊት፣ ጭራሮ፣ አንድ ላባም አለ። ላባው ከዛፍ ነው የወደቀው ወይስ ከወፍ የሚል ክርክር ተነስቶ፣ ዳኛዬ ‹ወፏ ዛፍ ላይ ስለነበረች ይፈቀዳል› ብላ ዘጋችው። ይግባኝ የለም።

ለጠየቅሽኝ ነገር፣ ጠጠር በደንብ ትበላለች፣ በደንብም ትተኛለች። ክብደቷም ጨምሯል። ዕረፍቱ በገባ በማግስቱ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ልትወስጃቸው እንደምትመጪ ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ። ሌላው ሁሉ በቦታው ነው።

ወንድምሽ

እማዬ እኔ ነኝ። አጎቴ ፖስታውን አሽጊ ብሎ ሰጥቶኝ ነው። ጠጠር ሦስት ሰው ሠራች። አጎቴ ትልቅ የጥድ ፍሬ ነው። እኔ የባሕር ዛፍ ፍሬ ነኝ። እሷ ትንሽ ቅርፊት ናት። አንቺን አልሠራችሽም። ማን ቀረ ስላት ማንም አልቀረም አለች። አጎቴ ለእማዬ እንዳትነግሪ ብሎኛል። እኔ ግን መዋሸት አልችልም።


ኅዳር 21

ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤህ ከነሰጋቱራው ደርሶኛል። ያንተን ገጾች ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው፤ የዳኛዋን ግን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። አትቆጣት። በቤታችን እውነት የሚናገር አንድ ሰው መኖሩ ደግ ነው።

አንተን ግን ትንሽ ልቆጣህ። ‹በደንብ ትበላለች› ብለህ የምታልፈኝ የጠየቅኩህ ስለ ምግብ መስሎህ ነው? አሥራ ስምንት ወር ሙሉ ያንኑ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ አንተም አሥራ ስምንት ወር ሙሉ ክብደቷን ትነግረኛለህ። ስልክ ስደውል ጠጠር ስልኩን ወለሉ ላይ አስተኝታው እንደምትሄድ ካወቅኩ ወዲህ ነገሩ ገብቶኛል። ደብዳቤ መጻፍ የያዝኩትም ለዚያ ነው።

ትቻት ስሄድ ሁለት ዓመት ተኩል እንኳን አልሞላትም ነበር። አሁን የማታውቀኝን ልጅ እጅ ይዤ ልወስድ ነው የምመጣው። ‹አልሄድም› ያለች እንደሆነ ምን አደርጋለሁ? እሷን ትቼ እያለቀስኩ ልመለስ፣ ወይስ እሷ እያለቀሰች ልውሰዳት? ጋሼ፣ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ፈተናው አይደለም። ፈተናውንማ አውቀዋለሁ።

አባታቸው ያረፈ ጊዜ ‹አንቺ ሂጂና ሙያ ይዘሽ ነይ፣ ልጆቹን ለእኔ ተዪ› ያልከኝን አልረሳሁም። ላጤ ሰው የሁለት ሴት ልጅ ጠጉር መጎንጎን የተማርከው ለእኔ ብለህ ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ ስልህ ተማረረችብኝ አትበል። ዛሬ ጠዋት በመምህሬ ፊት ብቻዬን አዋለድኩ። እናቲቱ እጄን ጨምቃ ይዛኝ ስለነበር ብዕር ስይዝ ያመኛል፤ ጽሕፈቴ የተንጋደደው ለዚያ ነው። ልጁ ደኅና ነው፤ ሲያለቅስ ሕንጻው ሁሉ ሰማው።

አንድ ልመና አለኝ። እኔን እንድትሠራ አታስገድዳት፣ አታባብላት፣ በዘዴም አትጠምዝዛት። ሦስት ካለች ቤተሰቧ ሦስት ነው። ሌላው ደግሞ፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አትበለኝና፣ የጥድ ፍሬውን ከማጣበቃችሁ በፊት እሳት አጠገብ አድርቁት። እዚህ የሕፃናቱን ክፍል ሲያስጌጡ እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 2

እህቴ፣

እንኳን እጅሽ ተጨመቀ፤ ለደግ ነው። ምክርሽ ደርሷል፣ ግን ከጉዱ በኋላ ነው የደረሰው። ሃያ ሁለት ዓመት እንጨት ሲያብጥና ሲኮማተር ያየሁ ሰው፣ እርጥቡን የጥድ ፍሬ በኮላ አጣብቄ ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ልጆቹ ሲመለሱ ፍሬው ሙቀት አግኝቶ ቅርፊቱን ፈልቅቆ ተከፍቷል፤ የእኔ ጭንቅላት ወለሉ ላይ ነው። ጠጠር አንስታ አገላብጣ አየችውና ‹አጎቴ፣ ጭንቅላትህ ወለቀ› አለችኝ። ‹ድሮም አልነበረውም› አለች ዳኛዬ።

ይህን ያስቀደምኩት እንድትስቂ ነው፤ የሚቀጥለው አያስቅም። ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት በነበረው ማክሰኞ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ አንቺን ሠራሁሽ። ከወይራ ቁራጭ ነው። ቀሚስሽን በመሮ ቀረጽኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ጠጉርሽን በቀጭን ጭራሮ ጎነጎንኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። እጄ አንዴ ገብቷልና ልጆቹ ያጣመሙትን ሁሉ አቃናሁላቸው፤ የዳኛዬን አንገት በማዕዘን መለኪያዬ፣ በስኳድራው አስተካከልኩ፣ የጠጠርን ሁለት እግር እኩል ቆረጥኩ። ከዚያ አራታችንን በአንድ መስመር አቁሜ ራቅ ብዬ አየሁና ደስ አለኝ። የእጅ አመል ነው። ጠማማ ነገር እያየሁ ምግብ አይወርድልኝም።

ጠጠር መጥታ አየች። ቆየት ብላ አንቺን አነሳችሽና አሸተተችሽ። ‹ይቺ አልወደቀችም› አለች። ‹አንተ ነህ የቆረጥካት።› ቀጥላ የራሷን ምስል አየችና ‹ይሄ የኔ እግር አይደለም› ብላ ሁለት እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው አጠገብ አልደረሰችም። ጭራሮ ስሰጣት ትቀበልና መሬት ላይ አስቀምጣው ትሄዳለች።

‹በዘዴም አትጠምዝዛት› የሚለውን ሳነብ ፊቴን የማስገባበት አጣሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ልጅ ያቦካውን አዋቂ እንደገና ሲያቦካው ጭራሽ የማንም እራት እንደማይሆን ግን የነገረኝ የለም።

ትናንት እፊቷ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳት። አሰበችበት። ዳኛዬ አማካሪ ሆና ገባች። ውሳኔው ይሄ ነው፤ እነሱ ሲሠሩ እኔ ሁለቱን እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ። እንደተፈረደብኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። የዳኛዬ አንገት ተመልሶ ዞሮ ጀርባዋን ያያል፤ የእኔ አንዱ እጅ ከሌላው በእጥፍ ይረዝማል፤ እጄ ከሥሬ ይበላኛል። ጠጠር ግን እያንጎራጎረች ትሠራ ነበር። አንቺን መሳቢያዬ ውስጥ አስገብቼሻለሁ፤ ከምስማሮቹ ራቅ አድርጌ።

እውነቱን ንገረኝ ላልሽኝ፣ ስለ አንቺ አትጠይቅም። ስምሽ ሲነሳ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። ይኸው ነገርኩሽ፤ ክብደቷን ከመንገር ይከብዳል። አንድ የማማክርሽም ነገር ነበረኝ፣ እሱን ግን ለብቻው በሌላ ወረቀት እጽፈዋለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 10

ጋሼዬ፣

ሁለቱ ደብዳቤዎችህ በአንድ ቀን ደረሱኝ። የመጀመሪያውን ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው፤ እጅህን ጭንህ ሥር አድርገህ የተቀመጥክበት ላይ ስንደርስ አንዷ ስቃ ስቃ ወንበር ያዘች። ሁለተኛውን፣ ያንን ግማሽ ገጽ፣ ለማንም አላነበብኩትም። ቀኑን ሙሉ የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ይዤው ዋልኩ።

መልሴ አይሆንም ነው። ‹ዳኛዬን ውሰጂ፤ ጠጠር ግን እስክትለምድሽ እዚህ ትቆይ› ያልከኝ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ በሌለሁበት እንዴት አድርጋ ትለምደኛለች? ስድስት ወር ብትጨምር ስድስት ወር ነው የምትርቀኝ። ሁለቱን መለየትም አልችልም፤ ለጠጠር ማን ይፈርድላታል? ሳልደብቅህ ደግሞ፣ ሳነበው ቀናሁ። ልጄ የምትወደው ሰው በመኖሩ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ በራሴ ወንድም ቀናሁ። አፈርኩ፤ ማፈሬንም ልንገርህ ብዬ ነው።

ይህን የጠየቅከኝ ለእሷ ብቻ ብለህ ነው? አትመልስልኝ። ይገባኛል።

ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አልፎ ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ። ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ረጥቧል፤ መጋረጃ ገና አልገዛሁም፤ አልጋዎቹን ግን ከባልደረባዬ ጋር ተሸክመን አስገብተናል። ፈተናዬ ሐሙስ ያልቃል። የቀሩትን ቀኖች በቆጠርኩ ቁጥር ሦስት ሰሃን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አያለሁ፤ እብድ ብትለኝ አልከፋም።

ከዚህ ጋር አንድ ሳጥን ልኬያለሁ። በምሳ ሰዓት የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ጎንበስ ቀና ስል የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ አየችኝና ‹ምን ጠፋሽ?› ብላ አብራኝ ስትፈልግ ቆየች። ነገሩን ስነግራት መሬት ላይ የነበረ ቅጠል አንስታ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። ፍሬ ነው፣ ቅጠል ነው፣ ስሙን የማላውቀው ዛፍ ልጣጭ ነው። ሁሉም ራሱ የወደቀ ነው፤ እምላለሁ። ምንም ሥሪበት አትበላት። ሳጥኑን ወለሉ ላይ አስቀምጥና ዞር በል።

እህትህ


ታኅሣሥ 20

እህቴ፣

የጠየቅኩሽን እንዳልጠየቅኩሽ ቁጠሪልኝ። ያንን ወረቀት ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከጣልኩት በኋላ ተመልሼ ላወጣው በቀዳዳው እጄን ከትቼ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ሌባ ነው ብለው ገላመጡኝ። አዎ፣ ለእሷ ብቻ ብዬ አልነበረም። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የምትጠራው እኔን ነው፤ ሰው ይሄንን ይለምደዋል። እናቷ ግን አንቺ ነሽ። ስለ ቅናትሽ አትፈሪ፤ እኔም የቀናሁብሽ ቀን አለ።

ሳጥንሽ ደርሷል። እንዳዘዝሽኝ ወለሉ ላይ አስቀምጬ ዞር አልኩ፤ ዞር ያልኩት ግን እስከ በሩ ስንጥቅ ነው። አንድ በአንድ እያነሳች ጆሮዋ ላይ አደረገች። አንዱንም አልጣለችም። ምንም አልሠራችበትም፤ ኪሷ ውስጥ ከታ ይዛው ዞረች፣ ልብሷንም አላሳጥብም ብላኛለች።

ትናንት የትምህርት ቤቱ ዝግጅት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ተወጥሮ ቅጠል ተንጠልጥሎበታል፤ በየጠረጴዛው ላይ የየልጁ ቤተሰብ ቆሟል። አንዱ ልጅ አሥራ አንድ ዘመድ ይዞ መጥቶ ግማሾቹ ተደፍተዋል። የእኛዎቹ ሦስት ጠማሞች ግን በእግራቸው ቆመዋል። ኮላው አይደለም ያቆማቸው፣ እግዜር ነው። አናጺነቴን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ‹ይሄ ከአንተ ቤት የወጣ ሥራ ነው?› ብለው ጠየቁኝ፤ ደረቴን ነፍቼ አዎ አልኩ።

አስተማሪዋ በየጠረጴዛው እየዞረች ልጆቹን ታናግራለች። እኛም ጋ ደረሰች። ‹ይሄ አጎትሽ፣ ይቺ እህትሽ፣ ይቺ አንቺ። እናትሽስ የታለች?› አለቻት። ጠጠር ቀና ብላ አየቻትና ‹ገና አልወደቀችም› አለች። አስተማሪዋ ግራ ገባት። ‹ዛፉ ላይ ናት› አለች ጠጠር፣ አዋቂ ሰው እንዴት ይሄ ይጠፋዋል በሚል ድምፅ። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የረሳችሽ መስሎን ነበር እኮ። ለካስ ስትጠብቅሽ ኖራለች።

ቢሆንም አላታልልሽም። ዛፍ ላይ ያለች እናት ሌላ ናት፣ ሻንጣ ይዛ በር የምታንኳኳ ሴት ሌላ ናት። ስትመጪ ዘለሽ አትቀፊያት፤ ሰው ፊቷ ላይ ሲደፋባት ትደነግጣለች። ሻንጣሽን አስቀምጪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከእኔ ጋር ስለ ብርዱ አውሪ። አትለምኛት፣ አፍጥጠሽ አትመልከቻት። ስትፈልግሽ ራሷ ትመጣለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እኔ ራሴ ከጭኔ ሥር እጄን ለማውጣት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ወንድምሽ


ጥር 9

ጋሼ፣

በሰላም ገብተናል። ይህን መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ዝም ያልኩት ደስ የሚል ነገር አግኝቼ እስክጽፍልህ ነው፤ ዝምታዬን ምን ብለህ እንደምትተረጉመው እያወቅኩ። ይቅር በለኝ።

በርህ ላይ የሆነውን አንተም አይተሃል። ሱሪህን አለቅም ብላ ስትይዝ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅካቸው አንተ ነህ። ያን ስታደርግ ፊትህን ማየት አቅቶኝ ሻንጣ ስቆልፍ ነበር፤ ሻንጣው ግን ተቆልፎ ያደረ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አለቀሰች፤ ደክሟት ተኛች፤ ነቅታ አለቀሰች። ዳኛዬ ‹እማዬ፣ አትንኪያት፤ ሲደክማት ትተዋለች› ብላ ፈረደች።

እዚህ ከገባን በኋላ አላናገረችኝም። የምትፈልገውን ለዳኛዬ ትነግራታለች፣ ዳኛዬ ደግሞ ለእኔ ትነግረኛለች። ‹ውሃ ትፈልጋለች፤ በቀዩ ኩባያ።› ከእጄ አትቀበልም፤ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ታነሳለች። አንተ ያልከኝን ሁሉ ያዝኩ፤ አልለመንኩም፣ አልደፋሁባትም። ቀኑን የሰው ልጅ ስቀበል ውዬ፣ ቤት ስገባ የራሴ ልጅ እስክትቀበለኝ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን መታጠቢያ ክፍል ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አልቅሻለሁ። ያንተ ሐሳብ ትክክል ይሆን እንዴ ብዬም አስቤያለሁ። አሁን ስለማላስበው ነው የምነግርህ።

ሥራው ተመችቶኛል። ጎረቤቶቹ ደግ ናቸው። ዳኛዬ የፎቁን ልጆች ጠብ ማስታረቅ ጀምራለች፤ ደመወዝ የላትም እንጂ ባለጉዳይ ሞልቷታል። የምትመጣበትን ቀን ቁረጥ፤ ለአንተ የሚሆን ፍራሽ ተውሻለሁ።

ትናንት የዕረፍት ቀኔ ነበር። ከብርዱ ብዛት መስኮቱ አይከፈትም። ጠዋት ዳቦ ልንገዛ ስንወጣ ነፋሱ የሰበረው ቅርንጫፍ ደረጃው ሥር አገኘን፤ ልጆቹ እየጎተቱ አስገቡት። መስኮቱ ላይ ሊሰቅሉት ነው። ሲባጎ ስለሌለኝ ከሥራ ያመጣሁትን ፋሻ ሰጠኋቸው። ጠጠር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቅርንጫፉ ላይ ደረቅ ቅጠል ታጣብቃለች፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ልብስ አጣጥፋለሁ። ቅጠሉ አልያዝ እያለ ይወድቅባታል። ዳኛዬን ጠራቻት፤ ዳኛዬ ደረጃው ላይ ችሎት ይዛለች። እንደገና ጠራቻት። ቅጠሉን አንስታ ደግማ ሞከረች፤ ወደቀባት። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ‹ያዢልኝ› አለች።

የያዝኩትን ልብስ የት እንደጣልኩት አላውቅም። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጣቴን ይዛ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠችው፤ የራሷን ጣቶች ከላዬ አድርጋ ተጫነችው። ‹እንዲህ። አትነቃነቂ› አለችኝ፤ አነጋገሯ ቁርጥ አንተን ነው። እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። ‹እስኪደርቅ› አለች።

ተቀመጥን። እጇ ትንሽ ነው፣ ይሞቃል፣ ኮላ በኮላ ሆኗል። እግሬ ደነዘዘ። ዳኛዬ በሩን ከፍታ አየችንና አንድም ቃል ሳትፈርድ መልሳ ዘጋችው። ትንሽ ቆይቶ የጣድኩት ድስት ሲያር ሸተተኝ። ጠጠርም ሸተታት፤ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ልነሳ ስል እጄን ጫን አደረገችው።

‹ገና አልደረቀም› አለች።

ኮላው ከደረቀ ቆይቶ ነበር።

እህትህ